የቀዘቀዘው ባንክ

ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል ሳምቡሳዬን በየቀኑ ሊረከበኝ ተስማማና «ክፍያው በባንክ ነው፤ እስከ ዓርብ የንግድ ሂሳብ ካልከፈትሽ ሌላ ሰው እንይዛለን» አለኝ። ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሴት ነኝና፣ ባንክማ እንደ አማች መርምሬ ነው የምመርጠው ብዬ ጎረቤት ፊት ፎክሬያለሁ።

ሦስት ባንክ አዳርሼ፣ ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ አራተኛው ውስጥ ገባሁ። ኤሲው ነፍስ ይዘራል። ምርመራዬ እዚያው በር ላይ አለቀ። ወንበር ላይ አረፍ ስል፣ ከጎኔ የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ወለዱን፣ ኮሚሽኑን አንድ በአንድ አስረዳኝ።

«አንተ ብትሆን የት ትከፍታለህ?»

«እዚሁ ነዋ እህቴ።»

ፈረምኩ።

«አቦ ተባረክ። እዚህ ሥራህ ምንድነው?»

«እዚህ አልሠራም። ማዶ ያለው ባንክ ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ የኛ ኤሲ ከተበላሸ ሳምንቱ ነው።»