በእኔ ክንድ ልክ የተቆረጠው ጠመንጃ

ባለፈው ሳምንት ልጄ መስፍን የአባቱን ጠመንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ሲሄድ አብሬው ወጣሁ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ሶዶ በጭቃ ተለውሳለች። ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲወርድ የመስፍንን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። ፈቃድ የሚያድሰው ወጣት ፖሊስ ጠመንጃውን አንስቶ ትከሻው ላይ ደገፍ አደረገውና አልመቸው አለ። «ሰደፉን ማን ነው እንዲህ ያሳጠረው? ለትልቅ ሰው አይሆንም እኮ» አለ። መስፍን በኩራት፣ «አባዬ ነብር የገደለበት ነው» ብሎ መለሰለት። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ባለቤቴ ወንድሙ የእርሻ ባለሙያ ነበር። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሃላሌ አካባቢ ተመደበና ተከትዬው ሄድኩ። የሶዶ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ጠመንጃ ተሰቅሎ እያየሁ ባድግም ሴት ልጅ አቧራውን እንኳ እንድታራግፍ አይፈቀድላትም ነበር። ሃላሌ ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከቤታችን ኋላ ስኳር ድንችና ጎደሬ ተከልን። መሬቱ አይሰስትም፤ የጣሉበትን ሁሉ ያበቅላል። ችግሩ ከርከሮ ነው። ወንድሙ ለሥራ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ይሰነብታል፤ እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ቆርቆሮ ስደበድብ ከርከሮዎቹ ቀና ብለው ያዩኝና ወደ ድንቻቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ወንድሙ ሲመጣ ግማሹ ማሳ ተገልብጦ፣ እኔም ተቀምጬ ሳለቅስ ደረሰ።

«በቃ፣ ጠመንጃ ያስፈልግሻል» አለኝ። ያስፈልገናል አላለም። ዛሬም ድረስ ያቺ አንዲት ቃል ደስ ትለኛለች።

መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ጡረተኛ ወታደር ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ሰውየው ትልቅ ምንሽር አውጥቶ ለወንድሙ አቀበለው። ወንድሙ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሰውየው እየሳቀ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን ልታዘምታት ነው?» አለ። ወንድሙ እኔን ብቻ ነበር የሚያየኝ።

«ጉንጭሽ የት አረፈ? አንገትሽን ሳታጎብጪ ማነጣጠሪያው ይታይሻል?»

«ይከብዳል» አልኩት።

«እንግዲያው ያንቺ አይደለም።»

ሁለተኛውም አልሆነም። ሦስተኛው አጭር ቤልጅግ ነበር፤ እንጨቱ የተፋፋቀ፣ መልክ የሌለው። እሱን ሳነሳ ክንዴ አልተንቀጠቀጠም። ሰደፉ ብቻ ረዘመብኝ። ወንድሙ ከክርኔ እጥፋት እስከ ሌባ ጣቴ በገመድ ለክቶ አናጢ ዘንድ ወሰደው። አናጢው፣ «ከዚህ በኋላ ወንድ አይዘውም፤ አስበህበታል?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሙም፣ «ለወንድ አልገዛሁትም» አለ። ሲመለስ ጠመንጃው እንደ ለመድኩት የቤት ዕቃ እጄ ውስጥ ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ቋጥረን ወደ ወንዙ እየወረድን ተኩስ አስተማረኝ። ከሁለታችን እኔ የተሻልኩ መሆኔን ሲያይ እየሳቀ መሬት ላይ ይቀመጣል። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት በእነዚያ ቅዳሜዎች ብቻ ነው።

ነብሩ የመጣው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ወንድሙ ለስብሰባ ገሱባ ሄዷል። ፍየሏ ጮኸች፤ ጠመንጃውን ከጓዳ አንስቼ በሩን ስከፍት ነብሩ ከእንሰቱ ሥር አንገቷን ይዞ እየጎተታት ነው። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ነገር ግን ሰደፉ ቦታውን ያውቀዋል፣ ጉንጬም እንዲሁ። አንዴ ተኮስኩ። ነብሩ ከፍየሏ ጎን ተጋደመ፤ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ ደረሰ።

በዚያ አገር ነብር የገደለ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፤ በስሙም ይዘፈናል። ሴቶቹ ቅቤውን ይዘው ሲመጡ እኔ ሻሼን ፈትቼ ቆምኩ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። የሰፈሩ ሽማግሌ ግን፣ «ባለቤቱ ይምጣ እንጂ። ቤቱ የእሱ፣ መሣሪያው የእሱ፤ ገዳዩም እሱ ነው» አሉ። ወንድሙ ገሱባ እንደነበረ አንድም ሰው አልጠፋውም። ቢሆንም ሊቀበሉት ወጡ፤ ከመኪና ሲወርድ እየዘፈኑ ከበቡት። ግር አለው። ከሰዉ ራስ በላይ ፈልጎ አየኝ። «ኧረ እሷ ናት» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጫን ሲያደርጉ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቅቤውን ተቀበለ።

ማታ ቅቤው በግንባሩ እየወረደ፣ «ምን ልበላቸው? ሚስቴ ናት ብል ይስቁብኛል» አለኝ።

«መርጠህ የገዛህልኝ አንተ ነህ። እሱን ብትላቸው አይበቃም ነበር?» አልኩት።

ቅቤውን ከግንባሩ ጠረገ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ወንዝ ወርደን አናውቅም። ጠመንጃውን ከጓዳ አውጥቶ እንግዳ የሚያየው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስኪሞት ድረስ ቤቱን አክባሪ፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ተቀይሜው ይወጣልኝ ነበር። ክንዴን በገመድ ሲለካ የነበረውን ሰው ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላገኘሁትም፤ እሱን ነው የምናፍቀው።

ሲሞት አልቃሾች ነብር ገዳይነቱን እያነሱ አለቀሱለት። ሐዘን ነው፤ እኔም ደረቴን እየመታሁ «ነብር ገዳዩ» እያልኩ ተቀበልኳቸው። ከሁሉም በላይ የተሰማው የእኔ ድምፅ ነበር።

ትናንት ከእራት በኋላ መስፍንን አስቀምጬ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አደረገልኝና ለታመመ ሰው በሚነገርበት ድምፅ፣ «እማዬ፣ አባዬን በጣም ናፍቀሽው ነው» አለኝ። አልተቀየምኩትም። እሱ የሚያውቀውን ታሪክ የሰማው ከእኔው አፍ ነው።