የቀናው ከዘራ

ተማሪዎቿ «እትዬ ማለት» ይሏታል። በማስተማር ዘመኗ ሁሉ «ይህ ማለት ምን ማለት ነው?» ሳትል የዋለችበት ቀን ስለሌለ ነው። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷማ «‹ራት ቀርቧል› ስላት እንኳ ‹መቅረብ ማለት ምን ማለት ነው?› እንዳትለኝ እሰጋለሁ» እያለች ለጎረቤት ታማታለች። ሐሜቱ እውነትነት አለው።

የሰባተኛ ክፍል የቋንቋ መምህርት ናት። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ የሹራቧ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ብናኝ የነጣ። ለብዙ ዓመት ቃል የምታስተምረው እንደማንኛውም መምህር ነበር፤ ሰሌዳው ላይ በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ፍቺው። ልጆቹ እንደ በቀቀን ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ይዘረግፉታል፣ በማግስቱ ይረሱታል። አንድ ቀን ግን «ማገዝ» የሚለውን ቃል ከነምሳሌው ጥንቅቅ አድርጋ የጻፈች ጎበዝ ተማሪዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት ባልዲ ውሃ ይዛ ደረጃው ላይ ስታቃስት አየች፤ አየችና እንዳላየች ሆና አለፈቻት። እትዬ ማለት ይህን በመስኮት ተመለከተች። ሙሉ ነጥብ የሰጠችበት እጇ አፈረ።

ከዚያ ወዲያ አዲስ ሕግ አወጣች። ቃሉ በካርቶን ቁራጭ ላይ ተጽፎ ለልጁ ይሰጠዋል። የራሱ የሚሆነው ግን በቃሉ ሠርቶ፣ የተሠራለት ሰው ሲያመሰግነው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ያንተ ነው!» ወይም «ያንቺ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ካርቶኑም ኪስ ይገባል። ምስጋና የሚገኝበት ቦታ ሩቅ አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉ በሙሉ ወደዚያ ይጎርፋል።

መጀመሪያ ላይ አረጋውያኑ መከራቸውን በሉ። «ማጽናናት» የደረሳት ልጅ ያዘነ ሰው ብታጣ፣ ካርታ ሲጫወቱ የሚስቁትን አባቶች «እስቲ ለኔ ስትሉ ትንሽ እዘኑ» ብላ ለመነች። «ማጀብ» የደረሰው ደግሞ አንዱን አዛውንት እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር አጅቦ፣ እዚያው ጠብቆ፣ አጅቦ መለሳቸው። እያደር ግን ተላመዱ። በወጣትነታቸው የስልክ ኦፕሬተር የነበሩት፣ ልጆቹ «እማማ ስልክ» የሚሏቸው አሮጊት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ ጀምሮ ፀጉራቸውን አበጥረው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ልጆቹም ቃሉን አይረሱም። ሰው የመረቀህን ቃል እንዴት ትረሳለህ?

ነገሩን ያበላሸው ችኮላ ነው። ችኮላ የአንድ ልጅ ቅጽል ስም ነው፤ ለምን እንደወጣለት ማብራሪያ አያሻም። አንድ ሐሙስ የደረሰው ቃል «ማቃናት» ነበር። የመኖሪያውን ግቢ ቢዞር ቢዞር የጎበጠ ነገር አጣ። በመጨረሻ ዓይኑ አንድ ከዘራ ላይ አረፈ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም፤ ከምሳ በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ። ከዘራቸው አጠገባቸው ተደግፏል። ጫፉ ደግሞ፣ ችኮላ እንዳየው፣ ክፉኛ ጎብጧል።

በልጁ ቤት ከዘራ የሚይዝ ሰው የለም፤ አይፈረድበትም። ጓደኛውን ጠርቶ ከዘራውን ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወሰዱት። የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት፣ ሲለሰልስ እዚያው ከተቀመጠ አሮጌ የብረት አልጋ እግር ሥር ወተፉት፣ ከዚያም ሁለቱም አልጋው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? ከዘራው እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ።

አናጢው ሲነቁ እጃቸውን ሰደዱ። መያዣው የለም።

«ከዘራዬስ?»

«አቃናንልዎት፣ አባባ!» አለ ችኮላ ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ ከጓደኛው ጋር ጎን ለጎን ቆመው ምስጋናቸውን ይጠብቁ ጀመር።

አናጢው የመለሱት መልስ ካርቶን ላይ የሚጻፍ አይደለም። ጩኸታቸው መንገዱን ተሻግሮ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ገባ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ክራቫቱ የማይዛነፍ፣ ከፈተና በቀር ሌላ የማይታየው ሰው ነው እንጂ። እትዬ ማለትን አስጠራት።

«መምህርት፣ ቃል ለመማር ደብተር አይበቃም?»

«ደብተር አያመሰግንማ!»

«ዛሬ የሰው ንብረት ተበላሸ። ነገ ደግሞ ‹መጠገን› ብለው ልጆቹን ጣሪያ ላይ ያወጡልኛል። ከእንግዲህ በትምህርት ሰዓት አንድም ተማሪ ከበር አይወጣም። በቃ!»

እትዬ ማለት እጇን ሹራቧ ኪስ ከተተች። ቀጣዩ ካርቶን በእርግጥም «መጠገን» የሚል ነበር።

አዘነች። ያን ዕለት እህቷ ራት ስታቀርብ ያለ አንዳች ጥያቄ ጎርሳ ጨረሰች።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለች እህቷ ደንግጣ።

«አላመመኝም። ወደ ሰሌዳው ግራና ቀኝ ልመለስ ነው።»

ሐሙስ ደረሰ። እትዬ ማለት ሰሌዳውን ለሁለት የሚከፍል መስመር አሰመረች። በግራ «መደገፍ» ብላ ጻፈች። በቀኝ ፍቺውን ልትጽፍ ጠመኔውን ስታነሳ እጇ እምቢ አላት። ችኮላማ አንገቱን ከደፋ ሳምንቱ ነው፤ በዕረፍት ሰዓት እንኳ አይሮጥም። ይሄኔ ነው የግቢው በር የተንኳኳው።

ልጆቹ ወደ መስኮቱ ተንጋጉ። ዘበኛው ሲከፍት አናጢው ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው የቀናው ከዘራ፣ በሌላው አንድ እርጥብ ዘንግ። ዳይሬክተሩ ከቢሮው ከንፎ ወጣ። እትዬ ማለትም ጠመኔዋን እንደያዘች ደረጃውን ወረደች። ልጁን ሊከሱት መጡ ብላ ሰግታ ነበር።

«አባቴ፣ የካሣው ጉዳይ ከሆነ...» ብሎ ጀመረ ዳይሬክተሩ።

«የምን ካሣ? ቁጣዬ በማግስቱ በርዶልኛል። ያ ጥድፊያ ልጃችሁ የት አለ? ማቃናቱንስ ማንም ያቃናል፤ ጥበቡ ማጉበጡ ላይ ነው! ይምጣና አዲስ ከዘራ አብረን እናጎብጥ። ስጠብቀው ቀረብኝ እኮ!»

«ተማሪ ከበር እንዳይወጣ ከልክለናል፣ አባቴ።»

«ሰምተናል። እኛ እንዳንገባ ግን ከልክላችኋል?»

«እናንተ?»

ዳይሬክተሩ አሻግሮ አየ። መንገዱ ላይ መኪኖች ቆመዋል። የአረጋውያን መኖሪያው በሙሉ በዱላ፣ በዊልቸር፣ ክንድ ለክንድ ተያይዞ፣ ቀስ እያለ ይሻገራል። ከፊት እማማ ስልክ ናቸው፤ ፀጉራቸው ተበጥሯል። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ደፉ ከፍ አለባቸው። ግራ ቀኝ አዩ። ቅርብ የነበረው ሰው ዳይሬክተሩ ነው። ሳይጠይቁ ክንዱን ለቀም አደረጉት። ምን ያድርግ? ጎንበስ ብሎ፣ ሌላውን እጁን ከወገባቸው አዙሮ አሻገራቸው፤ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ።

«ተባረክ የኔ ልጅ፤ ጧሪ አያሳጣህ!» አሉት።

መስኮቱ ላይ የተደረደሩት ልጆች ተያዩ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ፣ ችኮላ ከሁሉም ቀድሞ፣ አስተጋባ፦

«የእርስዎ ነው!»

የዳይሬክተሩ ጆሮ ቀላ። እትዬ ማለት ደስታው ዓይኗን አርጥቦት፣ ከሹራቧ ኪስ «መደገፍ» የሚለውን ካርቶን አውጥታ ዘረጋችለት። ተቀበላት፣ የጠመኔ ብናኙን አራገፈ፣ አነበበ፣ ደረት ኪሱ ከተተው። ሌላ አዛውንት ደፉ ዘንድ ደርሰው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«መምህርት፣» አለ ክንዱን ለሰውዬው እየሰጠ፣ «ቀጥሎ ያለው ቃል ምንድን ነው?»

«መጠገን።»

ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ሳቁ አመለጠው።