ፈጠራ ነው አሉ

ችግር ብልሃትን አይወልድም። ይወልዳል የሚሉት ችግርን በሬዲዮ የሚያውቁት ናቸው። ችግር የሚወልደው ሌላ ችግር ነው፤ ያውም መንታ።

ይህን ለራሴ ያጉረመረምኩት በቅርቡ፣ ከመካኒሳ ወደ ጀሞ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የሾፌሩ ሬዲዮ ስለ ሰው ልጅ መጪ ዘመን ያወራል። እንግዳው ድምፁን እንደ ሰባኪ እያወፈረ፣ ማሽን ሰውን በማሰብ ስለሚቀድምበት ቀን፣ ማርስ ላይ ስለሚተከል አትክልት፣ ሰው መቶ ሃምሳ ዓመት ስለሚኖርበት ጊዜ ይተነትናል። በዚህ የታክሲ ሰልፍ መቶ ሃምሳ ዓመት መኖር ቅጣት መሆኑን የነገረው የለም። ከዚያ ያቺን የማትቀር ዓረፍተ ነገር ጣል አደረጋት፦ «ለነገሩ ችግር ብልሃትን ይወልዳል።» እሱ ይህን ሲል፣ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ ጫጩቶች ጮኹ። ሽታው መጣ፤ የሞቀ ላባ፣ እርጥብ ገለባ፣ የእንቁላል ቅርፊት። አፍንጫ ዕድሜ አይቆጥርም። መውረጃዬ አለፈኝ።

ልጅ ሳለሁ ላፍቶ እርሻ ነበረች። አሁን ሕንፃዎች ትከሻ ለትከሻ የሚጋፉበት መሬት ላይ ስንዴና ጤፍ ይዘራ ነበር፤ ከዝናብ በኋላ ጥቁር አፈሩ ይሸታል፣ አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ከገለባው ክምር ላይ ለመውረድ ይለግማል። ትምህርት ቤታችን መካኒሳ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እንኖር ነበር። አንዲት የክፍላችን ልጅ ግን ከላፍቶ እርሻውን አቋርጣ ነበር የምትመጣው፤ ሹራቧ ላይ ሁልጊዜ ገለባ አይጠፋም። እኛ የከተማ ልጆች «ገለባዋ» እንላታለን። እሷ ደግሞ እኛን «ቆርቆሮዎቹ»። «ዝናብ ሲመታችሁ ትጮሃላችሁ፣ የምታበቅሉት ግን የለም» ትለናለች።

የሳይንስ ክበባችን መምህር መጪውን ዘመን እንደ ዘመዱ የሚያውቅ ወጣት ነበር። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሰው ጨረቃ ላይ ቤት ይሠራል፣ ምግብ ክኒን ይሆናል፣ በሬ ሥራ ይፈታል ይለን ነበር። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ በእኛ ሁለት ሺህ ነው በፈረንጆቹ?» ብሎ ጠየቀ።

«በእኛ» አለ ቲቸር። «ስለዚህ ለመዘጋጀት ከፈረንጅ የበለጠ ጊዜ አለን።»

ገለባዋ እጇን አወጣች። «ምግብ ክኒን ከሆነ ዶሮዎቹ ምን ይሆናሉ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የዶሮ ነገር ግን ለእሷ ቀልድ አልነበረም። በዚያ ሰሞን እንቁላል የታቀፈችውን ዶሯቸውን ሸለምጥማጥ ወስዶባቸው ነበር። እንቁላሎቹ ሙቀታቸው ሳይለቃቸው ጎጇቸው ውስጥ ቀሩ።

ሬዲዮው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ሸለምጥማጥ ያልደፈረው ቤት አልነበረም። ችግሩ ለሁሉም ደርሶ ነበር፤ ሁሉም እንቁላሉን ጠብሶ በላ። «ዶሮዋ ታደርግ የነበረው ምንድን ነው? ማሞቅ ብቻ አይደል?» ብላ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ቲቸር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓይነት ብረት ሲሞቅ እኩል እንደማይረዝም ጽፎልን ነበር። እኛ ገለበጥነው። እሷ ሰማችው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ አየሁት። የሻይ ቅጠል ሳጥን ነው፤ ግድግዳው ድርብ፣ በመሐሉ ገለባ የተጠቀጠቀበት። ከሥሩ ፋኖስ ይበራል፣ ከፋኖሱ በላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ ውኃ የያዘ ጣሳ፣ ከዚያ እንቁላሎቹ። በጎኑ ትንሽ መስኮት አለች። መስኮቷን የያዘቻት ከነሐስና ከብረት ተጣብቃ የተሠራች ስስ ዘንግ ናት፤ ሙቀት ሲበዛባት ትጎብጥና መስኮቷን ትገፋታለች፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሳ ቀጥ ብላ ትዘጋታለች። ማንም ሳይነካት። ሣሩ ላይ ተኝቼ መስኮቷ ስትከፈትና ስትዘጋ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አይቻለሁ፣ ብዙ ማሽንም፤ እንዲያ አፌን ያስከፈተኝ የለም። ገለባዋ አንድ እንቁላል አንሥታ የዓይኗ ቆብ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ካላቃጠለኝና ካልበረደኝ ልክ ነው ማለት ነው» አለችኝ።

አባቷ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ ገበሬ ነበሩ። ስምንተኛን ስትጨርስ ከትምህርት ሊያስቀሯት ወስነዋል፤ ሁለተኛ ደረጃው ሩቅ ነው፣ መንገዱ ለሴት ልጅ አይመችም፣ ቤቱም ሰው ይፈልጋል። ክፉ አልነበሩም፤ ዙሪያውን የሚያዩት ሁሉ እንደዚያው ያደርግ ነበር። ሳጥኑ አጠገብ ቆመው ሲያዩት ቆዩና በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ እኔም እንድሰማ ይሆናል በአማርኛ ቀጠሉ። «ይህ ሳጥን የጎረቤት መሳቂያ አድርጎኛል። የተማሩት ሰዎች አይተው እውነት ነው ካሉ ትማሪያለሽ። ቃሌ ነው።»

«እውነት ነው ይላሉ አባዬ» አለች።

የተማሩት ሰዎች የሚያዩት የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ነው። እንቁላሎቹ የሚፈለፈሉበት ጊዜ ከውድድሩ ቀን ጋር እንዲገጥም አስልታዋለች፤ ዳኞቹ ፊት እንዲወጡላት። ቲቸር ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስልክ ደውሎ አስመዘገባት። «አንድ የፈጠራ ሥራ ይዘን እንመጣለን» አለ። እኔም እሷም በሩ ላይ ቆመን ሰምተነዋል። በኩራት ነበር ያለው።

በአማርኛችን ፈጠራ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ያልነበረን ነገር ሠርቶ ማምጣት ነው። ሁለተኛው ያልነበረን ነገር ነበረ ብሎ ማውራት ነው። መሐንዲስ፣ ደራሲና ዋሾ በአንዲት ቃል ውስጥ እንደ ቀበሌ ቤት ተዳብለው ይኖራሉ፤ ፖስታ ሲመጣ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ስልኩን ያነሳው ሰው ፈጠራ ሲባል ድርሰት መሰለው። ውድድሩ ሁለት አዳራሽ ነበረው፤ አንዱ በር ላይ «ሳይንስ» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ «ፈጠራ»። እኛን የመሩን ወደ ሁለተኛው ነው። ቲቸር ቀደም ብሎ ወደ ሳይንሱ አዳራሽ ገብቶ ቦታ ሲፈልግልን ነበር።

ሳጥኑን በጋሪ ከነፋኖሱ አመጣነው። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መሰማት ጀምሯል። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመን።

«እሳት አይገባም።»

«ጋሼ፣ እሳቱ ከጠፋ ይሞታሉ» አለች።

«ማን ነው የሚሞተው?»

«ጫጩቶቹ።»

«የታሉ ጫጩቶቹ?»

«ገና አልተወለዱም።»

«ታዲያ ያልተወለደ እንዴት አድርጎ ይሞታል?» አለና ፋኖሱን እፍ ብሎ አጠፋው። በክርክር ተሸነፍን።

ውስጥ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። የመሐለኛው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ «ርዕስሽ?» አላት።

«ርዕስ የለውም። ሳጥን ነው።»

«ሳጥን» አለ ለጎረቤቱ። «ጥሩ ርዕስ ነው። አንብቢ።»

«የሚነበብ የለም ጋሼ። ይክፈቱት።»

«በቃል ነው የያዝሽው? ይሻላል። ቀጥይ።»

ምን ታድርግ፤ ቀጠለች። ስለ ሸለምጥማጡ፣ ስለ ፋኖሱ፣ ስለ ነሐስና ብረቱ፣ ስለ ዓይን ቆቧ ተናገረች። ስትናገር ሳጥኑ ውስጥ ጩኸቱ በረታ። ዳኛው ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ያልኩትን እኔን አየኝ። «ድምፁን የሚያሰማው ይህ ነው? ጎበዝ ልጅ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። እሷ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄደች። «ጋሼ፣ በእመብርሃን፣ ክዳኑን ያንሱትና ይዩት።»

«አይ አይ» አለ ፈገግ ብሎ። «ካየነውማ ምናቡን ያበላሽብናል።»

አንደኛ ወጣች። ለምናቧ። የተረት መጽሐፍ ሸለሟት፤ ለትምህርት ቤቱም ዋንጫ።

በሳይንሱ አዳራሽ አንደኛ የወጣው «የነገዋ ከተማ» ነበር። ከካርቶንና ከሲጋራ ወረቀት የተሠሩ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች፣ በክር የተንጠለጠሉ በራሪ መኪኖች። አንድም የሚሠራ ነገር አልነበረበትም። ዳኞቹ ግን መጪውን ዘመን አየን ብለው ወጡ። ዛሬም ስለ ነገ የሚያወራ ስብሰባ በተጠራሁ ቁጥር ያችኑ ካርቶን ነው የማየው፤ ክሩ ብቻ ነው የረቀቀው።

ቲቸር ስህተቱን ሲሰማ ሮጦ መጣ። አሁን ይጮኻል፣ አሁን ጠረጴዛ ይመታል ብዬ ጠበቅሁ። ርዕሰ መምህራችን ግን ቀድሞት ከዳኞቹ ጋር እጅ ለእጅ እየተጨባበጠ ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ከዚያ በፊት በምንም አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ቲቸር ሲመለስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አናገራት።

«ሽልማት ሽልማት ነው» አላት። «አሁን ላርም ብል ይህንንም ይነጥቁናል።»

«እውነት ነው በሉልኝ ብቻ። ለአባቴ። ሌላ አልፈልግም።»

«ሌላ ዓመት እናስመዘግብሻለን።»

በዳኞቹ ብዙም አልናደድም። የሚሰሙት ድርሰት መስሏቸው ነበር። በእሱ ግን እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። እውነቱን የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ሁለቱ ብረቶች እኩል እንደማይረዝሙ ያስተማራትም እሱ ነው። መጪውን ዘመን አስር ጊዜ ሰብኮን፣ በጋሪ ተጭኖ በር ላይ ሲደርስለት ለዋንጫ መደርደሪያ ሸጠው።

ጋሪው ላይ ክዳኑን ከፈትነው። ጩኸቱ ቆሟል። አንደኛው እንቁላል ተበስቶ ከቀዳዳው ትንሽ አፍ ብቅ ብሏል፣ አይንቀሳቀስም። አንሥታ የዓይኗ ቆብ ላይ አሳረፈችው፤ ብዙ አቆየችው። «በርዷል» አለች። ክዳኑን ገጠመችው፤ ወደ ላፍቶ ተመለስን።

አባቷ ጋቢያቸውን ደርበው የግቢው በር ላይ ይጠብቁን ነበር። ፀሐይ ከኋላቸው ስለነበረች ፊታቸው አይታየኝም። መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ አዩ፣ ከዚያ ወደ መጽሐፉ።

«ምን አሉ?»

እሷ ውሸት አታውቅም፤ ያሉትን ነገረቻቸው። «ፈጠራ ነው አሉ። ሸለሙኝ።»

«ለፈጠራም ይሸለማል እንዴ?» አሉ አባቷ። አልቀለዱም፤ ግራ ገብቷቸው ነው።

እኔ ገባሁበት። «አባባ፣ ያኛው አይደለም፤ ሌላኛው ፈጠራ ነው።»

«ስንት ፈጠራ አለ ልጄ?» አሉኝ በደከመ ድምፅ። መጽሐፉን ከእጇ ተቀብለው ገጽ ገለጡ፤ የሚያወራ ጅብ ሥዕል ነበረበት። ሥዕሉን ሲያዩ ሳጥኑም ተረት ነው ብለው አምነው ከሆነ፣ ለማመን ምክንያት ነበራቸው። መስከረም ላይ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ እሷ አልነበረችም። ቃላቸውን አላጠፉም።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ ሜዳውም የለም፤ ፎቅ ነው። ሬዲዮው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይላል። ቃሉን በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አስተውሎትን ከውጭ በመርከብ ልናስመጣ ወገባችንን ታጥቀናል፤ ከላፍቶ በጋሪ የመጣውን እፍ ብለን ያጠፋን ሰዎች። የጫጩት ማስፈልፈያም አብሮ ይመጣል፣ ባለ ቁልፍ፣ ባለ መብራት። የእሷ መስኮት ግን መብራት ሲጠፋም ትሠራ ነበር፤ በዚህ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከታክሲው ወርጄ ወደ እሷ ሄድኩ። ላፍቶ ውስጥ በኪራይ ቤት ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አላት። ፀጉሯ እንደኔው ሸብቷል።

«አንተ ቆርቆሮ፣ አሁንም ትጮኻለህ አሉ በጋዜጣ» አለችኝ።

«የሚሰማኝ ግን የለም።»

«ቆርቆሮን ማን ይሰማዋል፤ ከሥሩ ይጠለሉበታል እንጂ።» ለስላሳ ከፈተችልኝና ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ስለ ልጆቿ አወራችኝ፣ ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ አባቷ ሞት። ልሄድ ስነሳ እጄን ይዛ አስቀረችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ደንበኛ እንዳይሰማት ያህል።

«እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ነበርክ። መስኮቷ... በራሷ ትከፈት ነበር፣ አይደል? አንዳንዴ እኔው ራሴ የፈጠርኩት ይመስለኛል።»

ትከፈት ነበር አልኳት። ሣሩ ላይ ተኝቼ አይቻለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ያመነችኝ ግን አልመሰለኝም። እኔ የተማርኩ ሰው ሆኜ ስመጣ ጊዜው አልፎ ነበር።

አንባቢ፣ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ነገ አንዲት ልጅ የሠራችውን ተሸክማ ፊትህ ስትቆም አታጨብጭብላት፤ ጎበዝ አትበላት፤ ፎቶም አታንሳት። ተነሳ፣ ክዳኑን ክፈት፣ እጅህን ክተት። ከሞቀህ፣ አባቷ እየሰሙ ይሞቃል በል።