ቁጥር ሰባትን ውሃ ያጠጣችው

ቀማሚዋ በአንድ የባትሪ ቤተ ሙከራ በጊዜያዊ ሠራተኝነት አሥራ አራት ዓመት የባትሪ ፈሳሽ የሚሆነውን ፖታሽ ስትበጠብጥ ኖራለች። እጇ በፈሳሹ ተልጦ ተልጦ አሻራ እንኳ ስላልተረፈላት፣ የበሩ ማሽን አላውቅሽም እያለ ዘበኛው ነበር የሚከፍትላት። ቋሚ ትሆኛለሽ እያሉ ግን ከዓመት ዓመት የተስፋ ዳቦ ይመግቧታል።

የሚሠሩት ከአየር ኦክስጅን እየሳበ የሚሠራ፣ ደግሞም ቻርጅ የሚደረግ የዚንክ ባትሪ ነው። ጣጣው ሠላሳ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ መሞቱ ነበር። የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆነው ዶክተር ፈሳሹ ላይ አዲስ ቅመም ቢጨምር፣ ከአሥሩ ባትሪዎች ዘጠኙ እንደ ልማዳቸው ሞቱ፤ ቁጥር ሰባት ግን አራት መቶ ደረሰ። ዶክተሩ ጮቤ ረገጠ።

"አምስት መቶ ከገባ ቋሚነትሽን ራሴ እፈርማለሁ" አላት።

ቁጥር ሰባት የተቀመጠው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባቷ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ባትሪ እየሞላ ነው ያሳደጋት፤ ፈሳሽ ጎድሎ ካየች እጇ አያርፍም። ጠዋት ጠዋት የተጣራ ውሃ ጠብ ታደርግበታለች። መዝገብ ላይ አላሰፈረችውም፤ ጠረጴዛ መወልወሉንስ ማን ይጽፋል?

አምስት መቶ ገባ። ዶክተሩ ሳይፈርም ውጤቱን የሚያጣሩ መርማሪዎች ከውጭ መጡና በዚያው ቅመም የተሠሩ ሃያ ባትሪዎች ወሰዱ፤ ሃያውም በሠላሳ ደርቀው ቀሩ። ዶክተሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ ቁጥር ሰባትን ማን እንደነካ ጠየቀ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ብላ፣ ሞኟ እጇን አወጣች።

"ውሃ እጨምርበት ነበር፣ ዶክተር።"

"ስንት?"

"ጠዋት ጠዋት ሁለት ጠብታ።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ጎደለ እኮ።"

ሳቁባት። በሳምንቱ ሙከራ አበላሽታለች የሚል የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት። ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ስለ ባትሪው ረጅም ዕድሜ ጽሑፍ አሳተመ፤ ምስጢሩ የተነነውን ውሃ በየማለዳው በሁለት ጠብታ መተካት ነው ይላል። መጨረሻው ላይ ለዘበኛው ሳይቀር ምስጋና አለ። ለእሷ የለም።

ከዚያ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ባትሪዎችን ውሃ የሚሞላ ቋሚ ሠራተኛ ይፈለጋል። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ማመልከቻ ይዛ ቤተ ሙከራው ገባች። ዶክተሩ ቆሞ አነበበላትና መለሰላት።

"እህቴ፣ በጥፋት የተሰናበተ አንቀጥርም። ደግሞ ትናንት አንዲት ልጅ ቀጥረናል። ከመጣሽ አይቀር ግን አንዴ አሳዪያት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።"

ትታ ልትወጣ ዞር ስትል ዓይኗ ቁጥር ሰባት ላይ አረፈ። ጎድሏል። አሳየቻት።