ስስ ግድግዳ

ከቤቴ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ቤት ለማከራየት የሚያሰናዱት ሴትዮ ስማቸውን አልነገሩኝም። ሽበታቸውን በሻሽ ሸብ አድርገው፣ ሰፊ የወንድ ሸሚዝ እጅጌ እስከ ክርናቸው ጠቅልለው፣ በሩን ራሳቸው ቀለም ይቀባሉ፤ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ራሳቸው ያጠብቃሉ። ሲሠሩ ያንጎራጉራሉ። መኝታ ቤቱ ሲገቡ ግን ጸጥ ይላሉ። ለምን ይሆን እያልኩ ጆሮዬን እጥል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በሬን አንኳኩ።

"የኔ ልጅ፣ ላስቸግርሽ። ግድግዳው አጠገብ ቁሚና የምናገረው ይሰማሽ እንደሆነ ንገሪኝ።"

ለተከራዩ አስበው መስሎኝ ሄጄ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው ከመኝታ ቤቱ ጥርት ብሎ መጣ።

"እባክህ፣ ይብቃህ።"

ጮክ እንኳ አላሉም። ስወጣ የቀለም ብሩሹን እንደያዙ በራፌ ላይ ቆመዋል።

"ተሰማሽ?"

"ቃል በቃል።"

ቀለሙ ከብሩሹ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ልብ አላሉትም።

"ያኔ እዚህ ስኖርም ጎረቤቶቼ ይሰሙ ነበራ" አሉ ቀስ ብለው። "ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ ወይ ይሉኝ ነበር። እኔም ደህና እላቸው ነበር።"

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በሳምንቱ አዲስ ተጋቢዎች ቤቱን ሊያዩ መጡ። ባልየው ቆጣሪውን ሲመለከት፣ ሴትዮዋ ሙሽራይቱን በክንዷ ይዘው ወደ እኔ በር አመጧት።

"ልጄ፣ ግድግዳው ስስ ነው" አሏት። "እዚህ ያለችው ደግሞ ጆሮዋ ደህና ነው።"

ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ እሺ እስክል ጠበቁኝ።