ማግኔት ያልያዘው ጥግ

ቨርሊን ስታምፐር የራሱን ጥላ የሚጠረጥር ሰው ነው። ልሰድበው ብዬ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ እንጀራ የበላበት ሥራው ነው። እዚህ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ በመኪና ፋብሪካ አብረን ስንሠራ እኔ በር እገጥማለሁ፣ እሱ ደግሞ መስመሩ መጨረሻ ላይ ቆሞ ሌላው ያበላሸውን ይፈልጋል። ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ላሜራውን እየዳበሰ ሲመጣ ሁላችንም የገጠምነውን መልሰን እናይ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ጓንቱን አወለቀ እንጂ እጁ አላረፈም። ፖስተኛውን፣ ሐኪሙን፣ በቴሌቪዥን ነገ ይዘንባል የምትለዋን ሴትዮ ሳይቀር ይዳብሳል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚባለው ለሱ የተተረተ ይመስለኛል።

ይህ ሰው ያለ ጥርጣሬ የሚወደው ነገር ቢኖር ቀይዋን የስፖርት መኪናውን፣ ሙስታንጉን ነው። ጣራዋ ታጣፊ ነው፤ ከሱቅ አዲሷን ያወጣት እሱ ራሱ ነው። እኛ ዘንድ በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጨው ደግሞ ላሜራ ይበላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለች መኪና ያለው ሰው ብርዱ እስኪያልፍ ሸፍኖ ያስቀምጣታል። ቨርሊን ግን በሙቀቱም ወራት ቢሆን ደመና ካየ አያወጣትም። ሚስቱ ኦፓል ከጎኑ ትቀመጣለች እንጂ መሪዋን ነክታ አታውቅም። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናስበው።

ኦፓል የኬንታኪ ተራራ ልጅ ናት። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ዘመዶቿ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ በየዓመቱም ቨርሊን ሰበብ አያጣም። አንዱን ዓመት መንገዱ ጠጠር አለው፣ ሌላውን ዓመት ሆቴሉ ሌባ ይበዛበታል። ዘንድሮ ለልደቱ አዲስ የመኪና ቴፕና የሳተላይት ሬዲዮ ገዝታ በረንዳው ላይ እኔ ፊት አስቀመጠችለት።

"ዓምና 'ተራራው መሃል ሬዲዮው ይጠፋል፣ ያለ ሙዚቃ ያን ሁሉ መንገድ አልነዳም' ብለኸኛል። ይኸው ከሰማይ የሚቀበል ገዛሁልህ። ዘንድሮ ጣራውን ከፍተህ ትወስደኛለህ። ካልሆነ ከወንድሜ ከሄርሸል ጋር እሄዳለሁ፣ እዚያው እቀራለሁ።"

"እዚያው ማለት?"

"እዚያው ማለት እዚያው ነዋ!"

ቨርሊን ሳቀ። እኔ ግን ፊቷን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረበትም። ገና ወደ ቤት ከመግባቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሎይድ፣ ይቺ ሴትዮ ይሄን ለምን ሰጠችኝ?"

"ልደትህ ስለሆነ ነዋ!"

"ዓምናም ልደቴ ነበር። ካልሲ ነው የሰጠችኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ቴፕ ገጣሚዎቹ ጋ ይዟት ሲሄድ እኔንም ወሰደኝ። የስፖርት መኪና ትተህላቸው ከሄድክ ምሳ ሊገዙባት ይወጣሉ የሚል እምነት ስላለው ሁለት ታጣፊ ወንበር ጭነን ነበር። ገጣሚው ቴሬል የሚባል ትሁት ሰው ነው።

"ሚስተር ስታምፐር፣ ማረፊያ ክፍል አለን፣ ቡናም አለ። ደንበኛ መሥሪያው ውስጥ እንዲገባ አይፈቀድም።"

"እንግዲያው መኪናዋም አትገባም።"

ቴሬል ወደ እኔ አየ፤ ትከሻዬን ሰበቅሁ። ወንበራችንን ዘርግተን ተቀመጥን።

ቴሬል ካቻቢቴውን ባነሳ ቁጥር ቨርሊን ከወንበሩ ይነሳል። "አንዲት ሽቦ እንዳትቆርጥ!" ሲለው ቴሬል መቁረጥ የማያስፈልገውን መገናኛ ሶኬት አሳየው። የወጣውን አሮጌ ቴፕ ቨርሊን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ይሰርቁት ይመስል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰበው።

"ይሄ ነገር ከሰማይ የሚቀበል ከሆነ፣ እነሱስ እኔ የት እንዳለሁ ያያሉ?"

"አያዩም ጌታዬ። ያኛው ይናገራል፣ መኪናዋ ትሰማለች። መልስ የሚባል የለም።"

"እንደ አንተና ኦፓል በለኛ" አልኩት። አልሳቀልኝም።

የቀረው አንቴናው ብቻ ነበር፤ ከታች ማግኔት ያለው ትንሽ ጥቁር ክብ ነገር። የዚህች መኪና ጣራ ሸራ ስለሆነ ቴሬል ከኋላ የዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ በቀኝ ጥግ አስቀመጠው። አንቴናው ተንሸራቶ ወደቀ። መልሶ አስቀመጠው፣ መልሶ ወደቀ። በግራ ጥግ ሲሞክረው ግን ጧ ብሎ ተጣበቀ።

ቴሬል ነገሩ ገብቶታል፤ ቀና ሳይል "በግራ በኩል ይሁንልዎ" አለ ቶሎ ብሎ። ቨርሊን ግን ተነስቷል። አንቴናውን ነቅሎ ክዳኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተተው። ይዞ፣ ይዞ፣ ቀኙ ጥግ ሲደርስ ለቀቀ።

"ስቱኮ" አለ። ድሮ ፋብሪካውን የሚያስቆምበት ድምፁ ነበር። "መኪናዬ ተመትታ የጎደጎደው በስቱኮ ልጥፍ ተሞልቷል፤ ማግኔት ብረት እንጂ ስቱኮ አይዝም። ምን አደረጋችኋት?"

"ጌታዬ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ጠዋት ተሠርቶ፣ ተቀብቶ አይደርቅም። ደግሞ ዓይንዎን ከኔ ላይ ነቅለው ያውቃሉ?"

ዞሮ እኔን አየኝ።

"ሎይድ፣ የጋራዤን በር የሚከፍተውን ቁጥር ታውቃለህ?"

"አንተ ለራስህስ ነግረኸው ታውቃለህ?"

ወደ ቤት ስንመለስ ሬዲዮው የኦፓልን አገር ክራር፣ ባንጆውን፣ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት አድርጎ ያጫውታል፣ የሚሰማው ግን የለም። ቨርሊን ቧንቧ ሠሪውን ጠረጠረ፣ ፓስተሩን ጠረጠረ፣ ከሱቅ የሸጡለትንም ጠረጠረ። "እኔ እንዴት ሳላየው ቀረሁ?" አለ በመጨረሻ። ሰው ሰውን ሲጠረጥር መኪናዋን ማየት ረስቶ ነዋ፤ ግን ይህን በሆዴ ያዝኩት።

ኦፓል ሙዚቃውን ከሩቅ ሰምታ እየሳቀች ከበረንዳው ወረደች። ቨርሊን ሬዲዮውን ቀጭ አድርጎ አጠፋው።

"መኪናዬን የነዳት ማነው?"

ሳቋ ጠፋ። ልሰናበት ከመኪናዋ ልወርድ ስል "ቁጭ በል ሎይድ፣ ምስክር ያስፈልገኛል" አለችኝ።

"እኔ ነኝ የነዳኋት። ልብህ ታሞ ሥራ ላይ የወደቅክ ቀን። ከሆስፒታል ደውለው 'ቶሎ ነይ፣ በሕይወት ላታገኚው ትችያለሽ' አሉኝ። የኔ ፒክአፕ በብርዱ አልነሳ አለኝ። ታዲያ በእግሬ ልምጣ? የጋራዡን ቁጥር ስትጫን አይቼህ ነበር፤ ቁልፍህንም ከመሳቢያህ አወጣሁ። ሆስፒታሉ ግቢ ስደርስ በረዶው ላይ የመኪናዋ ጅራት ተንሸራተተብኝና ከመብራት እንጨት ጋር ተላተምኩ። ዞሬም አላየኋት፣ እየሮጥኩ ገባሁ። በኋላ ሄርሸል መኪና ወደሚጠግንበት ጋራዡ ወስዶ አስተካከላት። ከሥሯ ያለውን ጨው በሙቅ ውሃ ያጠብኩት ግን እኔ ነኝ፤ በዚያ ብርድ፣ ተንበርክኬ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልነግርህ ነበር። ዓይንህን ስትገልጥ አጠገብህ ነበርኩ። መጀመሪያ ምን እንዳልከኝ ታውቃለህ? 'ጋራዡ ተቆልፏል?' ነው ያልከኝ። ተቆልፏል አልኩህ።"

ቨርሊን አፉን ከፈተ። በልቤ ለመንኩት፤ አመሰግናለሁ በል፣ ተጎድተሽ ነበር ወይ በል፣ ሌላው ቢቀር ዝም በል።

"ስትመልሻት በየት በኩል ነው ያመጣሻት?" አለ። "ጨው በበዛበት በትልቁ መንገድ ነው?"

ኦፓል አልተቆጣችም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። ሲያጠራጥራት የኖረ ነገር እንደተረጋገጠላት ሰው ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቤት ገባች። ስልክ ስታናግር ድምፅዋ ይሰማል። ሄርሸል በማግስቱ መጥቶ ሁለት ሻንጣ ጫነላት። ስትሰናበተኝ አቀፈችኝ፣ የቨርሊንን ግን እጁን ብቻ ጨበጠች።

የዘመዶቿ ስብሰባ አለፈ፣ እሷ አልተመለሰችም። ቨርሊን አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ሙስታንጉን ጣራዋን ከፍቶ ይቀመጥባትና ኦፓል የምትወደውን ጣቢያ ያዳምጣል። አንድ ቀን ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። ባንጆው ሲጫወት ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሳዘነኝ፤ ልቡ ራራ ብዬም ደስ አለኝ።

"ሬዲዮው እንደሆነ እስከ ኬንታኪ ድረስ ይሠራል" አልኩት። "ተነስና ሂድ። ይቅርታ በላት።"

ሬዲዮውን ዘጋው። ፋብሪካ ውስጥ የምገጥማቸውን በሮች በሚያይበት ዓይን አየኝ።

"አንተ ግን ታውቅ ነበር፣ አይደል?"

"ምኑን?"

"ስለ ስቱኮው። ሄርሸል ወዳጅህ ነው።"

"ቨርሊን፣ ፈጣሪን፣ ከአንተ ጋር ነው የሰማሁት።"

"እንግዲያው ያን ቀን ምስክር ነህ ያለችህ ለምንድን ነው?"

እውነቴን ነበር፤ አላመነኝም። ምን ብምልለት እንደማያምነኝም ዓይኑ ላይ አየሁት። እኔ ይህን አንድ ምሽት ብቀምሰው አንገፈገፈኝ፤ ኦፓል ትዳሯን ሙሉ በልታዋለች። ደህና እደር ብዬው ወደ ቤቴ ገባሁ።