የክት መነጽር

ባለፈው ረቡዕ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ካለው ወንበር ላይ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ልጁ ዝርግ በሆነው አፍንጫው ላይ መነጽር አድርጓል፤ መነጽሩ እንዳይወድቅ ጭንቅላቱን በዞረ ሰፊ ላስቲክ ታስሯል። አዲስ ቅዳም እስክንደርስ ስንት ጊዜ እንዳወለቀው እንጃ፤ እናትየው ግን በስልክ እያወራች፣ ወሬዋን እንኳ ሳታቋርጥ፣ በአንድ እጇ መልሳ ታደርግለታለች። አትቆጣም፣ አትለማመጥም፣ ንፍጡን እንደምትጠርግለት ሁሉ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ደስ አለኝ ብል ደግ ሰው ያስመስለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያንገበገበኝ ቅናት ነው።

ታናሽ እህቴ ፈንታነሽም እንደዚያ ልጅ ሆና ነው የተወለደችው። ዳውን ሲንድረም የሚባል ስም እንዳለው ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ ዳንግላ በነበረው ሰፈራችን ግን ስም የሚያወጣ ሰው ቸግሮ አያውቅም፣ አዛኙ “የእግዜር እንግዳ” ሲላት ሌላው እዚህ የማልጽፈውን ይላት ነበር። እኛ ፈንቱ እንላታለን። ዳቦ ስንሰጣት አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ካላሸተተች አታውቀውም ነበር፤ ደጃፋችን ካለው ደረጃ ስትደርስም ቁጭ ትልና በቂጧ እየተንፏቀቀች ትወርዳለች። እኛም የአእምሮዋ ነገር ነው ብለን ስንስቅ ኖርን። ማየት ተስኗት እንደሆነ የጠረጠረው አናጺው አባቴ ነው። አራት ዓመት ሲሞላት ባሕር ዳር ወስዶ አስመረመራትና የአሻንጉሊት የሚያህል ሰማያዊ መነጽር ይዞ ተመለሰ። ሐኪሙ ያሉትንም ቆመን እንድንሰማ አድርጎ ነገረን፤ ከነቃችበት እስክትተኛ ከፊቷ አይለይ፣ በተለይ ግራ ዓይኗ በሕፃንነቷ ማየት ካልለመደ፣ ኋላ የመነጽር መዓት ቢደረድሩለት አያይም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጦርነት ነው። ፈንቱ መነጽሩን እናቴ ለጠላ ባዘጋጀችው ድፍድፍ ውስጥ ከተተችው፤ ከዶሮዎቹ ቆጥ ሥር ቀበረችው፤ አንድ ክረምት ላይ ከጋሪ ወርውራው ባለጋሪው ፈረሱን አቁሞ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ልብሱን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ሲዳክር፣ እሷ ከላይ ሆና በደስታ ታጨበጭብ ነበር። እናቴ በፈተለችው ክር ከማጅራቷ አሰረችላት፤ ነገር ግን ፀጉሯን ቅቤ ስለምትቀባት ክሩ እያሙለጨለጨ ይወርዳል። በመጨረሻ አባቴ ለሁላችንም ከሽቦ መስታወት የሌለው መነጽር ሠራልን፤ ቤተሰቡ ሁሉ ካደረገ እሷም ታደርጋለች ብሎ። አንድ ቀን አባቴ፣ እናቴና እኔ ሽቦ መነጽራችንን ደቅነን ሽሮ ስንበላ አንዲት ጎረቤት ብቅ አለችና አማትባ ወደ ኋላዋ ተመለሰች። ፈንቱ ግን የእኛን እያየች የራሷን አወለቀች።

የለመደችበትን ቀን አልረሳውም። ደጃፍ ተቀምጠን መነጽሩን አደረግሁላትና እጆቿን ያዝኳቸው። እንደ ልማዷ ራሷን ማወዛወዝ ጀመረችና ድንገት አቆመች፤ ፊቴን አየችው። ከዚያ እጇን አስለቀቀችና ጣቷን አገጬ ላይ ካለው ማርያም ስማኝ ላይ አሳርፋ ሳቀች። አብራኝ ስትተኛ፣ ስታቅፈኝ፣ ስትነክሰኝ የኖረች ልጅ ያን ነገር ያየችው ገና ያኔ ነው። ተነሥታ ቤቱን ዞረችው፤ የበሩን ምስማር ነካች፣ ጉንዳን ተከተለች፣ በአባቴ ሸሚዝ ቀዳዳ ጣቷን አስገባች፣ ደረጃው ጋ ስትደርስም ቆም ብላ ወደ ታች አየችና በእግሯ ወረደች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስትነሣ ከምግብ በፊት የምትጠይቀው መነጽሯን ሆነ።

እዚህ ላይ ባበቃልን እንዴት መልካም ነበር። የሰፈሩ ሰው “ፕሮፌሰሯ መጣች” እያለ ሲቀልድ ደስ ይለን ነበር፤ ከቀልዱ ሥር ግን ሌላ ወሬ ነበረ፣ ፊደል ለማትቆጥር ልጅ መነጽር ምን ይሠራላታል የሚል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ሌሊቱን ስትገላበጥ እንደምታድር አባቴ ይናገር ነበር። ከዚያ ፈንቱ ወደቀችና ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንግ ተሰበረ። ባሕር ዳር ሄዶ ተጠግኖ ሲመለስ እናቴ ተቀበለችው፣ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ጠቀለለችው፣ ሣጥኗ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት። መነጽሩ የክት ሆነ።

እናቴን የማያውቅ ሰው ክፉ ይላት ይሆናል። እሷ ግን የምትወደውን ነገር የምትወደው በመክተት ነው። አንድም ቀን ያልጠጣንባቸው ባለአበባ ብርጭቆዎች ነበሩን፤ እንግዳ ካልመጣ የማይነጠፍ የአልጋ ልብስ ነበረን፤ የአባቴን ጥሩ ኮት ከእሱ ይልቅ ብል ነው የጠገበው። መነጽሩም ለእሑድ ቅዳሴ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ይወጣል፤ ፈንቱ አጊጣ ትውላለች፣ ማታ ተመልሶ ይቆለፋል። አባቴ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ለሥራ ጫግኒ እየወረደ ወራት ስለሚቀመጥ ቤቱ የእናቴ ነበር። እኔ ሐኪሙ ያሉትን ባስታውሳት በኩርኩም መለሰችልኝ፤ ቢሰበር ማን ሊገዛላት ነው ብላ።

እንግዲህ የሚያሳርረኝ ይህ ነው። ያ ሁሉ ትግል እንድታደርገው ነበር፤ ስትወደው ከለከልናት። ፈንቱ ሣጥኑ ጋ ሄዳ በመዳፏ ትመታዋለች፤ በጣቶቿ ቀለበት ሠርታ ዓይኖቿ ላይ ታደርግና እናቴን ታያታለች። እናቴም ጉንጯን ስማ “እሑድ፣ ልጄ፣ እሑድ” ትላታለች። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ትታ መጠበቅን ተማረች። ደረጃውንም መልሳ በቂጧ መውረድ ጀመረች። አባቴ ከዓመታት በኋላ እንደገና ባሕር ዳር ሲወስዳት መነጽሩ ጠቧት የግንባሯን ጎን ቆርጦት ነበር፤ መስታወቱ ግን አንድ ጭረት አልነበረበትም። ቀኝ ዓይኗን መነጽር ይረዳዋል አሉት ሐኪሙ፤ ግራው ጊዜው አልፏል አሉት።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ፈንቱ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ከእናቴ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ፋሲካ ለቀኝ ዓይኗ የሚሆን መነጽር፣ ላስቲኩም ያማረ፣ አሠርቼ ወሰድኩላት። ቤተ ክርስቲያን አድርጋው ዋለች፤ ስንመለስ ግን በገዛ እጇ አውልቃ፣ ጠቅልላ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። በማግስቱ ላደርግላት ስሞክር የሙሽራ ልብስ ለብሰሽ ኩበት ልቀሚ ያልኳት ይመስል ደነገጠችና ነጥቃኝ ሸሸች። ለመንኳት፣ አባበልኳት፣ ተቆጣኋት፤ ወይ ፍንክች። ለእናቴም በምሬት ያልተናገርኩት አልቀረም፤ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፣ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ባለፈው ረቡዕ ከሚኒባሱ ወርጄ ግቢያችን ስገባ እናቴ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ባለጥለት ነጠላዋን መስቀለኛ ጥላ ጎመን ትቀነጥባለች። የቀሚሷ ጠርዝ በእበትና በአመድ ጠቁሯል። ዛሬ የማን ታቦት ነው አልኳት። በአገጯ ወደ ደጃፉ አመለከተችኝ። ፈንቱ መነጽሯን አድርጋ፣ ጭኗ ላይ ሰፌድ ይዛ፣ ምስር ትለቅማለች።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፈንቱ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምታየው የእናቷን ልብስ ነው፤ እናቷ የክቷን ከለበሰች እሑድ ነው፣ እሑድ ከሆነም መነጽሯን ታወጣለች። ስለዚህ እናቴ ከፋሲካ ወዲህ በየማለዳው የክቷን ትለብሳለች፤ እሱን ለብሳ ውኃ ትቀዳለች፣ እሱን ለብሳ በረት ትጠርጋለች። ስቆጣት የኖርኩትን ሴት እንዲህ ሆና ሳያት፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆናት ሌላ ቀሚስ እንደምገዛላት ነገርኳት።

“ተይው ልጄ፣ አትግዥልኝ” አለች። “አዲስ ካመጣሽልኝ እከተዋለሁ።”

ይህን ብላ ጎመኗን ይዛ ወደ ፈንቱ ሄደች። የሄደችው በፈንቱ ግራ በኩል ነበርና አጠገቧ ቆማ ጎመኑን ብትዘረጋላት ፈንቱ ቀና አላለችም። እናቴ ጥቂት ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ዞራ በቀኟ በኩል መጣች።